ለኦሪን የተመረጠው ዛፍ

ቨርሊን ትቬት ስልኩን ሲያነሳ ወንድሙ ኦሪን ሰላምታ እንኳ አላስቀደመም።

«ዛሬ ምን ሥራ አለህ?»

«ጡረተኛ ምን ሥራ አለው? ቲማቲሜን ውኃ አጠጣሁ፣ ተቀመጥኩ።»

«እንግዲያው ተነስና ና። ዛፍ እንመርጣለን።»

ቨርሊን ስልኩን ከአንድ ጆሮው ወደ ሌላው አዛወረ።

«ሰማኸኝ ወይስ ጆሮህም ጡረታ ወጣ? ሐኪሟ ፈቅዳልኛለች። ከፍታ ላይ አትውጣ እንጂ ዝቅ ያለ ማማ ላይ መቀመጥ ትችላለህ ብላኛለች። ዘንድሮ ለኅዳር አደን እወጣለሁ። ማርዴል እየጮኸች ነው፤ ተዋት ትጩህ።»

«አልጮኽኩም!» አለች ማርዴል ከኋላ። የኦሪን ሚስት ናት። «ከዛፍ ወድቆ ተመልሶ የሚወጣ ድመት እንኳ አይቼ አላውቅም ነው ያልኩት!»

«ይኸው ሰማሃት። በል ቶሎ ና። ሪባንህን እንዳትረሳ።»

ስልኩ ተዘጋ። ቨርሊን ከወንበሩ ሳይነሳ ብዙ ቆየ። ይህ ቀን እንዳይመጣ ሲፈራ ነው የኖረው፤ ኦሪን ከአልጋ ሲነሳም፣ ተሽከርካሪ ወንበሩን ትቶ ሁለት ምርኩዝ ሲይዝም ደስ እያለው ፈርቷል። ወንድሙ በዳነ ቁጥር «ዛፍ ምረጥልኝ» የሚልበት ቀን እየቀረበ መሆኑን ያውቅ ነበር።

እነሱ በሚኖሩበት በአሜሪካ ሰሜን ዊስኮንሲን የኅዳሩ የአጋዘን አደን እንደ ዓመት በዓል ነው። ሙሽራ የሠርጓን ቀን በዚያ ሳምንት አትቆርጥም፤ ብትቆርጥም ሙሽራው አይገኝም። የትቬት ቤተሰብ ወንዶች አባታቸው ባወረሷቸው ጫካ ውስጥ፣ ከዛፍ ግንድ ጋር በጠፍር በሚታሰር የብረት ማማ ላይ ተቀምጠው ነው አጋዘን የሚጠብቁት። መሰላሉ አምስት ሜትር ያህል ይረዝማል። በአምስት ሜትር ከፍታ ላይ ሰው ሕይወቱን የሚሰጠው ለብረቱ አይደለም፣ ለዛፉ ነው። ለዚህ ነው በዚያ ቤተሰብ ውስጥ ዛፍ የሚመርጥ አንድ ሰው ብቻ የሆነው። አባታቸው እስኪሞቱ እሳቸው መረጡ። ከዚያ ቨርሊን ሠላሳ ስምንት ዓመት መረጠ።

ምርጫው የሚደረገው በሐምሌ ነው። በኅዳር ዛፍ ሁሉ ራቁቱን ነው፤ የሞተውም ያለውም አንድ ይመስላል። በሐምሌ ግን ቅጠሉን ለብሶ ሳለ ጤናውን አይደብቅም። ቨርሊን ለብቻው ይወጣል። ዛፉን ይዞረዋል፤ ቀጥ ማለቱን፣ ከላይ የተንጠለጠለ ደረቅ ቅርንጫፍ አለመኖሩን ያያል። ወደ ኋላ ሄዶ ጫፉን ያያል፤ ዛፍ እንደ ሰው ሲታመም መጀመሪያ ራሱ ላይ ይመለጣልና። በመጥረቢያው ጀርባ ግንዱን ይመታና ድምፁን ያዳምጣል። ከዚያ ራሱ ወጥቶ ይቀመጥበታል። የመረጠ ሰው መጀመሪያ ይወጣል፤ የአባታቸው ሕግ ነው። ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ በደረቱ ልክ ሰማያዊ ሪባን ያስራል። ሪባኑ ከታሰረ በኋላ የሚጠይቅ የለም። እንዲያውም እውነቱን ለመናገር፣ ሪባኑን ያየ ትቬት ቀና ብሎ ዛፉን አያይም፤ ማማውን ተክሎ ይወጣል። ቤተሰቡ ለሠላሳ ስምንት ዓመት የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የቅጣቱ ቀን እስኪመጣ ግን ስሕተት መሆኑን ማንም አላወቀም።

የቅጣቱ ቀን የመጣው ከሁለት ዓመት በፊት ነው፤ በትክክል ለመናገር ሁለት ዓመት ሊሞላው አራት ወር ቀርቶታል። የአደኑ መክፈቻ ቅዳሜ ጠዋት ነፋስ ነበረ። ረግረጉ ዳር፣ ሦስት የአጋዘን መንገድ የሚገናኝበት ቦታ ላይ ኦሪን የተቀመጠበት አሽ የሚባለው ዛፍ ከማማው ሥር ለሁለት ተሰበረ። ኦሪን የደህንነት ቀበቶውን እንደ ደንቡ ከግንዱ ጋር አስሮ ነበር። ቀበቶ ሰውን ከዛፍ ከመውደቅ ያድናል እንጂ ከሚወድቅ ዛፍ አያድንም። ግንዱ ይዞት ወረደ። አከርካሪው ተጎዳ፣ ግራ እግሩ ደነዘዘ፣ አርባ ላሞቹን ሸጠ። ከአሥራ አራት ዓመቱ ጀምሮ ጠዋትና ማታ ያለበ ሰው ነው። ላሞቹ በመኪና ተጭነው ሲሄዱ ወንበሩ ላይ ሆኖ በመስኮት አያቸው፤ ቨርሊንም አጠገቡ ቆሞ ነበር። ቨርሊን ግን ማንንም አላየም፣ ወለሉን ነው ያየው።

ያን ሰሞን ሰው ሁሉ ያጽናናው ኦሪንን ብቻ አልነበረም። ቨርሊንንም ትከሻውን እየመቱ «ማን ያውቃል?» አሉት። አሽ የሚበላ አረንጓዴ ጥንዚዛ አገሩን ወሮ፣ ቅርፊት ሥር ገብቶ አሹን ሁሉ እየጨረሰ ነው፤ ከውጭ ሲያዩት ጤነኛ ይመስላል፤ ማን ያውቃል? ይህን ያላለችው ማርዴል ብቻ ነበረች። «እሱ ነዋ የሚያውቀው! ለማወቅ አይደል እንዴ የሚሄደው?» አለች፤ አንድ ዓመት ሙሉም አላናገረችውም። በመጨረሻ ያስታረቃቸው ኦሪን ነው። «ወንድሜ አላወቀም ብዬሻለሁ። አበቃ!» ብሎ ጠረጴዛውን መታና ሁለቱንም አንድ ማዕድ ላይ አስቀመጣቸው።

ቨርሊን ግን አውቆ ነበር።

በዚያ ሐምሌ ከዛፉ ሥር ሲቆም ጫፉ ሳስቶ ሰማዩ በቅጠሉ መካከል ይታይ ነበር። ከግንዱ ላይ ያለ ቦታቸው የበቀሉ ለጋ ቀንበጦች ነበሩ፤ ይህ የታመመ ዛፍ የመጨረሻ ጣሩ ነው። ግንደ ቆርቁር ትል ፍለጋ ቅርፊቱን እየላጠ ግንዱን ቢጫ አድርጎታል። በመጥረቢያው ጀርባ ሲመታው እንደ ባዶ በርሜል ጮኸበት። ሁለተኛ መታው። ሦስተኛ መታው። ዛፍ ግን እንደ ሰው አይለመንም፤ መልሱ አንድ ነው።

ታዲያ ለምን ሪባኑን አሰረ? ነገሩ ያሳፍራል። ከዚያ በፊት በነበረው የኅዳር አደን ላይ፣ በጫካው የአደን ጎጆ ውስጥ ካርታ ሲጫወቱ፣ በመንገድ ሥራ የሚተዳደረው የአጎታቸው ልጅ ሃርላን «ጥንዚዛው ወንዙን ተሻግሯል፣ በየመንገዱ ዳር የሞተ አሽ ስንቆርጥ ነው የምንውለው፤ የጫካችሁን አሽ ተመልከቱ፤ ግንዱ ቢጫ ከሆነ አለቀለት» ብሎ ነበር። ቨርሊን ደግሞ ብራንዲውን ይዞ «አንተ የመንገድ ዳር ዛፍህን ቁረጥ፤ እዚህ ጫካ ውስጥ ምን እንዳለ ለኔ ተውልኝ» አለው። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሃርላን ዓመቱን ሙሉ «ዶክተር ጥንዚዛ» እየተባለ ተቀለደበት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ቨርሊን በሐምሌ ያን ዛፍ ጥሎ ሌላ ቢመርጥ «አሹን ለምን ተውከው?» ይባላል፣ ሃርላን ልክ ነበር ይባላል። ይህ ነው እንግዲህ። የአንድ ምሽት ሳቅ። «አንድ ዓመት መቆም አያቅተውም» አለና ሪባኑን አሰረ። ጉልበቴን አሞኛል ብሎም ሳይወጣበት ተመለሰ።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል እንዲሉ፣ ቨርሊን ከዚያ ወዲህ ከወንድሙ ጋር ብራንዲ መጠጣት ትቷል። ሰዎች በጸጸት ነው አሉ። በጸጸትስ ነበር፤ ግን እነሱ የሚያውቁት ጸጸት አልነበረም።

ኦሪን ግቢ ሲደርስ ወንድሙ ባለ አራት ጎማዋ የጫካ ሞተር ላይ ተቀምጦ እየጠበቀው ነበር። ምርኩዞቹን እንደ ጠመንጃ ከኋላው አስሯቸዋል። ከወደቀ ወዲህ አንድም ጊዜ እንዲህ ደስ ብሎት አይቶት አያውቅም።

«ውጣ፣ ሽማግሌ። እኔ ነኝ የምነዳው።»

«ሐኪሟ ይህንንም ፈቅዳለች?»

«አልጠየቅኳትም። የጠየቅኳትን ሁሉ ፈቅዳለች።»

ማርዴል ፔርሙዝና በወረቀት የተጠቀለለ የአጋዘን ቋሊማ ይዛ ወጣች። ለቨርሊን ሰጠችው። ዐይኑን አየችው፤ ከታረቁ ወዲህ እንዲህ ቀጥ ብላ ስታየው የመጀመሪያዋ ነው።

«ደህና ዛፍ ምረጥለት» አለችው ዝቅ ባለ ድምፅ። «እኔ እንዲወጣ አልፈልግም፤ ግን ከወጣ አንተ የመረጥከው ላይ ይሁን። ምን ልበልህ፣ እሱ ካንተ በቀር ማንንም አያምንም።»

ቨርሊን ራሱን ነቀነቀ። ሞተሯ ላይ ወጥቶ ከወንድሙ ኋላ ተቀመጠ።

ጫካው አረንጓዴ ሆኖ ትንኙ ይጮሃል። ኦሪን ቀስ እያለ ይነዳል፣ አፉ ግን አያርፍም። ስለ ሐኪሟ፣ ስለ ጎረቤታቸው አዲስ ትራክተር፣ በሕልሙ ስለሚያያት ግንባረ ነጭ ላሙ ያወራል። አንድ ወፍራም የባሉጥ ዛፍ ሥር ሲደርሱ አቆመ።

«ይኸውልህ። ቀጥ ያለ፣ ወፍራም፣ ቅጠሉ ሞልቶ የፈሰሰ። እኔ ብሆን እዚሁ አስሬ ቋሊማዬን እበላ ነበር።»

ቨርሊን ወረደና ዞረው። ጫፉን አየ። ሥሩን በእግሩ ጫረ። መታው፤ ድምፁ ደህና ነው። እንደገና መታው።

«ወደ ረግረጉ ትንሽ አዘንብሏል» አለ።

«አዘንብሏል? ይሄ? የኔን ወገብ አይተኸዋል?»

«ሌላ እንይ።»

ሁለተኛው ሜፕል የሚባል ዛፍ ነበር። ግንዱ ከመሬት ሁለት ሜትር ላይ ለሁለት ይከፈላል፤ ሁለት ሆኖ የቆመ ዛፍ በነፋስ ቀን ይሰነጠቃል አለ ቨርሊን። ልክ ነው። ሦስተኛው ላይ ጉንዳን የፈለፈለውን የእንጨት ዱቄት አየ፤ ይህም ልክ ነው፤ ጉንዳን የሚገባው የበሰበሰ ውስጥ ነው። አራተኛው ላይ እንጉዳይ በቅሏል። አምስተኛው፣ ሌላ ባሉጥ፣ ምንም አልነበረበትም። ቨርሊን ሦስት ጊዜ ዞረው፣ ላዩን በመነጽር አየው፣ ጆሮውን ግንዱ ላይ አደረገ፤ ከዚያ «አላውቅም» አለ።

«አላውቅም?» ኦሪን ሳቀ። «ሃምሳ ዓመት አውቄሃለሁ፣ ይህን ቃል ስትል ሰምቼህ አላውቅም። ምን ሆነሃል? ሚስት የምትመርጥልኝ እኮ ነው የሚመስለው። ሚስት አለችኝ! ዛፍ ብቻ ነው የጎደለኝ!»

«መጠንቀቅ ይሻላል።»

«መጠንቀቅ አንድ ነገር ነው። አንተ ግን ፈርተሃል።» ድምፁ ለሰለሰ። «ስማኝ፣ ቨርሊን። ለዚያ ነገር ራስህን መብላት ተው። ዛሬ ያመጣሁህ ለኔ ብዬ ብቻ አይደለም። አንተም ከዚያ ዛፍ ላይ እንደወደቅክ ነህ፤ አልተነሳህም። ዛሬ አንድ ዛፍ ትመርጥልኛለህ፣ በኅዳር እወጣበታለሁ፣ ሁለታችንም እንገላገላለን። ገባህ?»

ቨርሊን መጥረቢያውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። ሪባኑ ኪሱ ውስጥ ነበር፤ ጣቱ ይነካዋል። እዚያው ላይ አስሮት ቢሆን ኖሮ ምናልባት ነገሩ ሁሉ በዚያው ያልቅ ነበር፤ ዛፉ ደህና ዛፍ ነበርና። እጁ ግን ከኪሱ አልወጣም አለው።

«ወደ ረግረጉ እንሂድ» አለ ኦሪን። «ላየው እፈልጋለሁ።»

«ምን ያደርግልሃል?»

«ከዚያን ቀን ወዲህ አላየሁትማ። የኔ ዛፍ አይደል?»

አሹ እንደወደቀ ነው ያለው። ማማው ከመነሳቱ በቀር ማንም አልነካውም። ቅርፊቱ ተልጦ ተራግፏል፤ ከሥሩ ያለው እንጨት ጥንዚዛው በልቶ የሄደበት ጠማማ መንገድ ብቻ ሆኗል፤ ልጅ በጥፍሩ የጫረው ግድግዳ ይመስላል። ኦሪን በምርኩዞቹ ቀስ ብሎ ሄዶ ግንዱ ላይ ተቀመጠ። መዳፉን ጠማማዎቹ መስመሮች ላይ አደረገ።

«ይህች ጥንዚዛ» አለ። «ጥፍር የማታክል ነገር። አርባ ላም በላችብኝ።» ቋሊማውን ፈታ፣ በቢላው ቆረጠና ለቨርሊን ዘረጋለት። «ያዝ። ደግሞ እንደ ለቅሶ ቤት ሰው አትቁምብኝ።»

ቨርሊን ቋሊማውን ያዘ፤ አልበላውም። ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይባላል፤ እሱ ግን ነገሩን እስኪደርቅም እስኪርቅም ሁለት ዓመት አሳድሮታል። እንግዲህ ዛሬም ካልተናገረ ሪባኑን ያስራል፤ ሪባኑን ካሰረ ደግሞ ወንድሙ ሁለተኛ በውሸት ላይ ይወጣል። ዛፉ ደህና ቢሆንም ውሸት ነው።

«ኦሪን።»

«እ።»

«አውቄ ነበር።»

«ምኑን?»

«ይሄን ዛፍ። በሐምሌ። ጫፉ ሳስቶ ነበር። ግንደ ቆርቁሩ ልጦታል። መታሁት፤ ባዶ ነው የጮኸው። ሦስቴ መታሁት። አልወጣሁበትምም፤ ጉልበቴን አላመመኝም ነበር። አውቄ አሰርኩት።»

ኦሪን ማኘኩን አቆመ። ቨርሊን ጩኸት ጠበቀ። ቢጮህበት፣ በምርኩዙ ቢመታው በወደደ።

«ለምን?» አለ ኦሪን።

«ሃርላንን ስቄበት ነበር።»

«ለሃርላን ብለህ?»

«ደግሞ ቦታው ጥሩ ነው። አንተ ትልቁን አጋዘን እንድትመታ ብዬ…» ቨርሊን አቋረጠ። ይህም እውነት ነበረ፤ እዚህ ላይ ሲነገር ግን ሰበብ ሆነ። «አዎ» አለ። «ለሃርላን ብዬ። እንዳይስቁብኝ።»

ኦሪን የቀረውን ቋሊማ በወረቀቱ መልሶ ጠቀለለ። ጊዜ ወሰደበት፤ የወረቀቱን ጠርዝ ሁሉ አጣጠፈ።

«አሁን ደግሞ እኔ ልንገርህ» አለ። «ያን ቀን ጠዋት እዚህ ስደርስ በረዶው ላይ ፍርፋሪ ነበር። የቅርፊት ፍርፋሪ፣ ትኩስ። ባትሪዬን ወደ ላይ አበራሁ። ግንዱ ቢጫ ሆኗል፤ ሃርላን እንደነገረን ቁርጥ። ቆምኩ። አልወጣም፣ ተመልሼ ጎጆው ውስጥ ቡና እጠጣለሁ አልኩ። ከዚያ ባትሪዬ ሪባንህ ላይ አረፈ።»

ቨርሊን ቋሊማውን ግንዱ ላይ አስቀመጠ።

«ቨርሊን አይቶታል አልኩ። እኔ በባትሪ ያየሁትን እሱ በፀሐይ አይቶታል፤ አይቶ ደህና ነው ካለ ደህና ነው። ዐይኔን አላመንኩትም፤ አንተን አመንኩ። ወጣሁ።»

«ይህን ለምን አልነገርከኝም?»

«እንዳይከፋህ ነዋ!» አሁን ጮኸ። «ሆስፒታል ተኝቼ የማስበው እሱን ነበር። ቨርሊን ሳተ፤ ሰው ነው፤ ዐይኑ ደክሟል፤ እኔ እንዳየሁት ቢሰማ ይሞታል አልኩ። ዋጥኩት። ለማርዴል ማልኩላት። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንዳንዱ ሰው ሲያማህ፣ መቆም እንኳ ሳልችል፣ ወንበሬ ላይ ሆኜ፣ ወንድሜ ቢያውቅ ኖሮ ራሱ ይወጣበት ነበር እንጂ እኔን አያወጣኝም አልኳቸው። ሰምተሃል? እንዲህ ነው ያልኳቸው።»

«ሰምቻለሁ» አለ ቨርሊን። በዚያ ቀን ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር።

«የከፋኝ እግሩ አይደለም። እግሩን ለምጄዋለሁ። ላሞቹንም ቢሆን አንድ ቀን እረሳቸው ይሆናል። ስሕተት ነው እያልኩ ነበር የምተኛው። በስሕተት ላይ ሰው መተኛት ይችላል።» ቀጥሎ ሲናገር ድምፁ የደከመ ሰው ድምፅ ነበር። «ባታውቅ ይሻለኝ ነበር። ወይም ባትነግረኝ። የትኛው እንደሆነ አላውቅም።»

ቨርሊን ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ይህን ነገር የተናገረ ቀን ቅልል እንደሚለው ያስብ ነበር። ስድብም ቢሆን፣ ጥልም ቢሆን ሸክሙ ይወርዳል ብሎ ነበር። አሁን የገባው ሸክሙ እንዳልወረደ ነው፤ አንስቶ ወገቡ የተጎዳ ሰው ላይ ጫነው። ይህን ሲረዳ እሱም ግንዱ ላይ ተቀመጠ። ሁለቱም ወደ ረግረጉ እያዩ ቆዩ። አንዲት አጋዘን ከግልገሏ ጋር ወጥታ ውኃ ጠጣችና ሄደች። ሌላ ጊዜ ቢሆን አንዱ ሌላውን በክርኑ ይጎስም ነበር።

«ይቅር በለኝ» አለ ቨርሊን።

ኦሪን የጠቀለለውን ቋሊማ ኪሱ ከተተ።

«አንድ ቀን ይቅር እልህ ይሆናል» አለ። «ዛሬ ግን አልልህም። ዛሬ ይቅር ብልህ አንተን ዝም ለማሰኘት ነው።»

ምርኩዞቹን ያዘ። ለመነሳት ሲሞክር አንደኛው ጭቃው ውስጥ ሰመጠ። ቨርሊን እጁን ዘረጋ። ኦሪን እጁን አየው፣ ምርኩዙን ከጭቃው ነቀለ፣ ሌላ ቦታ ተከለውና ሁለት ጊዜ ወድቆ በሦስተኛው ተነሳ። ቨርሊን እጁን የት እንደሚያደርገው አላወቀም።

በመጡበት መንገድ ተመለሱ። ስለ ትራክተሩም ስለ ላሟም ነገር የለም። አምስተኛው ዛፍ አጠገብ ሲያልፉ፣ ያ ምንም ያልነበረበት ባሉጥ አጠገብ፣ ቨርሊን ድፍረቱን ሰብስቦ «በኅዳር ትመጣለህ?» አለ።

«እመጣለሁ» አለ ኦሪን ወደ ፊት እያየ። «የአባቴ ጫካ ነው። ዛፉን ግን ራሴ አያለሁ።»

ቨርሊን «ደህና» አለ። ሌላ ምን ይላል? ሠላሳ ስምንት ዓመት የያዘው የዛፍ መራጭነት በአንድ ዓረፍተ ነገር አለቀ፤ ማለቁም ተገቢ ነበር። የከፋው ይህ አልነበረም። የከፋው ኦሪን ሲናገር ድምፁ ውስጥ ንዴት አለመኖሩ ነው፤ ለባዕድ ሰው የሚነገር ትሑት ንግግር ነበር።

ማርዴል የሞተሩን ድምፅ ሰምታ በረንዳው ላይ ወጥታ ነበር። እጇ ላይ ዱቄት አለ። ሁለቱንም አየቻቸው፣ ከዚያ የባሏን ፊት አየች።

«ምነው? አመመህ?»

«አላመመኝም።»

«ዛፍ አገኛችሁ?»

ቨርሊን ጠበቀ። አሁን ይነግራታል አለ በልቡ። ልትሰድበው ተዘጋጀ፤ እንዲያውም ናፈቀው። እሷ ብትጮህበት ቢያንስ ከዚህ ቤት የሚወጣው ተባርሮ ይሆናል፤ የተባረረ ሰው ደግሞ ተመልሶ የሚለምንበት በር አለው።

«አላገኘንም» አለ ኦሪን። «ቨርሊን ዘንድሮ የተጠራጠረውን ሁሉ ጥሏል። ጥሩ አድርጎ ነው ያየው።»

ፊቷ ፈታ አለ። «እሰይ! እንዲያ ነው መጠንቀቅ» አለችና ዱቄት ባለው እጇ የቨርሊንን ክንድ ያዝ አደረገችው። አላወቀችም። ባሏ አሁንም ወንድሙን እየሸፈነው መሆኑን አላወቀችም፤ ቨርሊን ግን አወቀ፣ መሬቱ ቢከፈት ይሻለው ነበር። «በል ግባ እንግዲህ። ድንቹ ደርሷል፣ ሥጋውም አሁን ይወጣል። ለሦስት ነው የሠራሁት።»

ቨርሊን ወደ ኦሪን ዞረ። ኦሪን ምርኩዞቹን ከሞተሯ ኋላ እየፈታ ነበር፤ ቀና አላለም።

«አይቆይም» አለ። «መሽቶበታል፤ መንገድ አለበት።»

ፀሐይዋ ገና ከጎተራው በላይ ነበረች። የቨርሊን ቤት ከዚያ በመኪና አምስት ደቂቃ አይሞላም።

ማርዴል አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች። ቨርሊን «አዎ፣ መንገድ አለብኝ» አላትና ወደ መኪናው ሄደ።